ካርታው አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ ሬዲዮው ለምን ዝም አለ?

አንድ የመንግሥት ተቋም፣ ፖሊስ በሉት እሳት አደጋ መከላከያ ወይም የደን ጥበቃ፣ አዲስ የሬዲዮ መገናኛ ሥርዓት ሊዘረጋ ሲነሳ ከእቅዱ ሰነድ ውስጥ ዓይን የሚስበው ገጽ ካርታ ነው። አገሩ በሙሉ በአረንጓዴ ተቀብቷል፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፤ ከሥሩ ደግሞ «95 በመቶ ሽፋን» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ኃላፊዎቹ ያዩታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይፈርማሉ።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ካርታ ላይ የቀረበ ሂስ ነው። ካርታውን የሚሠሩት መሐንዲሶች ሥራቸውን አያውቁም እያልኩ አይደለም፤ እኔም በድኅረ ምረቃ ጥናቴ እንዲህ ዓይነት ካርታ ከሚያወጡ ሶፍትዌሮች ጋር ነው የምውለው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ካርታው «ምልክቱ የት ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ጭስ በሞላው ምድር ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚጠይቀው ግን «አሁን ብናገር የሚሰማኝ አለ?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ትራንክድ ሬዲዮ ምን ማለት ነው?

ባንክ ቤት አስቡ። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ሰልፍ ነበረው። እናንተ የቆማችሁበት ሰልፍ ፊት ላይ ብዙ ጉዳይ ያለው ሰው ካለ በቃ፣ ጎረቤት ያለው መስኮት ባዶ ሆኖም ትጠብቃላችሁ። አሁን ግን ቁጥር ትወስዳላችሁ፤ የትኛውም መስኮት ሲለቀቅ ተረኛው ይጠራል። መስኮቶቹ አልጨመሩም፤ ጥበቃው ግን ቀነሰ።

ትራንክድ ሬዲዮ ይኸው ነው። በተለመደው ሥርዓት ትራፊኩ አንድ ቻናል፣ ወንጀል ምርመራው ሌላ ቻናል፣ እሳት አደጋው ሌላ ቻናል ይያዝለታል። በትራንክድ ግን ቻናሎቹ የጋራ ናቸው። የሬዲዮውን ቁልፍ ስትጫኑ «መቆጣጠሪያ ቻናል» የሚባለው ጥያቄያችሁን ይቀበላል፣ ክፍት የሆነውን ቻናል ይመርጣል፣ የእናንተን የንግግር ቡድን አባላት ሬዲዮ ሁሉ ወደዚያ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። 4 የንግግር ቻናል አለን እንበል። በሰዓት 720 ጥሪ አለ፤ እያንዳንዱ በአማካይ 5 ሰከንድ ይፈጃል። ሲባዛ 3,600 ሰከንድ ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር አንድ ቻናል ሙሉ ሰዓት ቢያዝ የሚሸከመው ጭነት ነው። መሐንዲሶች ይህንን «1 ኤርላንግ» ይሉታል። ስሙ የተወሰደው ከዴንማርካዊው የሒሳብ ሰው ከአግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤርላንግ ታዋቂ ቀመሮቹን ያሳተመው በ1917 ነበር።

4ቱ ቻናሎች ለየብቻ ተከፋፍለው ጭነቱ እኩል ቢደለደል አንድ ተናጋሪ ቻናሉ ተይዞ የሚያገኝበት ዕድል 25 በመቶ ነው። ቻናሎቹን የጋራ ስናደርጋቸው በኤርላንግ ቀመር 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያው 4 ቻናል፣ ያው ጭነት! ትራንክድ ሥርዓት በዓለም ላይ ይህን ያህል የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቪኤችኤፍ ለምን? ዋጋውስ?

ቪኤችኤፍ ስንል እዚህ በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ክልል ነው። የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ያህል ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ የሚጠቀምበት የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግን 37 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ተመሳሳይ ዓይነት አንቴና ብንጠቀም፣ በገላጣ ቦታ ላይ የ150 ሜጋኸርዙ ምልክት ከ800ው በ28 እጥፍ ገደማ በርትቶ ይደርሳል። ረጅሙ ሞገድ በኮረብታ ጫፍ ላይ በተሻለ ይታጠፋል፣ በጫካም ውስጥ እምብዛም አይዋጥም። ስለዚህ ሰፊ መሬት፣ ትንሽ ሕዝብና ጥቂት ማማ ላላቸው ቦታዎች ይመቻል። አላስካ፣ ዋዮሚንግ እና ደቡብ ዳኮታ የግዛት ሬዲዮ ሥርዓታቸውን በቪኤችኤፍ ትራንክድ የሠሩት ለዚህ ነው። የአላስካው ሥርዓት የመከላከያን፣ የሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ የግዛቱንና የከተሞችን ተጠቃሚዎች አንድ ላይ የያዘ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በ800 ሜጋኸርዝ ክልል የመላኪያና የመቀበያ ፍሪኩዌንሲዎች አስቀድመው ተጣምረዋል፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ 45 ሜጋኸርዝ ርቀት አለ። በአሜሪካ የቪኤችኤፍ ክልል እንዲህ ያለ ጥምረት የለም። ክልሉ ድሮ የተከፋፈለ፣ እንደ አሮጌ ሰፈር እዚህም እዚያም ቤት የተሠራበት ነው። እቅድ አውጪው ክፍት ቦታ ፈልጎ፣ ጥንዶቹን ራሱ አጣምሮ፣ ከጎረቤት ተጠቃሚ ጋር እንዳይጋጭ አረጋግጦ መሥራት አለበት።

ለምን ከባድ እንደሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያል። በአንድ ማማ ላይ ያለው ማሰራጫ 100 ዋት ያወጣል። አጠገቡ ያለው መቀበያ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣን ከማሰራጫው ኃይል በ80 ሚሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ያነሰ ምልክት መስማት ይጠበቅበታል። ጆሮው ሥር ጡሩምባ እየተነፋ የጉንዳን እርምጃ እንደሚያዳምጥ ሰው ማለት ነው። የመላኪያውና የመቀበያው ፍሪኩዌንሲ በተቀራረበ ቁጥር የሚለያያቸው ማጣሪያ ትልቅና ውድ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ቅይጥ ምልክት ነው። 155.100 እና 155.400 ሜጋኸርዝ አንድ ማማ ላይ ካሉ፣ ልቅ በሆነ ማያያዣ ወይም በዛገ ብረት ላይ ተገናኝተው አዲስ ምልክት ሊወልዱ ይችላሉ፤ ለምሳሌ በ155.700 (የሁለተኛው እጥፍ ሲቀነስ የመጀመሪያው)። 5 ማሰራጫ ያለው አንድ ማማ በዚህ መንገድ ብቻ፣ የሦስተኛ ደረጃ የሚባሉትን ስንቆጥር፣ 50 አላስፈላጊ ምልክቶችን ሊፈጥር ይችላል። ከ50ዎቹ አንዱ መቀበያችሁ ላይ ካረፈ ከሩቅ የሚናገረው ሰው ድምፅ ይዋጣል። ይህ ነገር በአረንጓዴው ካርታ ላይ አይታይም። ካርታው ማማው ጸጥ ያለ ቦታ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

95 በመቶው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ሂስ እንግባ። ብዙ የአሜሪካ ጨረታዎች ቲኤስቢ 88 የተባለውን የኢንዱስትሪ መመሪያ ተከትለው ሽፋኑን እንዲህ ይገልጹታል፤ የአገልግሎት ክልሉ 95 በመቶ፣ የድምፅ ጥራት ደረጃ 3.4። ደረጃው ከ1 እስከ 5 የሚሄድ ሲሆን 3.4 ማለት ንግግሩ ይገባል፣ «ድገመው» ማለት የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው ማለት ነው። ከዚያ አገሩ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ በመኪና እየተዞረ ይለካል።

ይህ መለኪያ የሚመሰገን ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ከሌለ የሚቀረው «ጥሩ ይሰማል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፈተና መንግሥት «አልቀበልም» ማለት ይችላል። የኒውዮርክ ግዛት በ2005 የ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሬዲዮ ውል ተፈራርሞ፣ የመጀመሪያው ምድብ ፈተናውን ማለፍ ሲያቅተው ውሉን በጥር 2009 አቋርጦታል። መለኪያ ባይኖር ኖሮ ይህ ውሳኔ ከባድ ይሆን ነበር።

ግን ቁጥሩን እንፈትሸው። 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚያገለግል ተቋም የቀረው 5 በመቶ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ይህ መሬት እንደ ዕጣ በየቦታው የተበተነ አይደለም። ገደል፣ ሸለቆ፣ ዋሻ መንገድ፣ የወፍራም ግንብ ህንፃ ምድር ቤት ነው። ሰው ደግሞ የሚገለበጠው፣ የሚጠፋው፣ የሚታፈነው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። አማካይ ቁጥር አደጋንና ምቾትን በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ለሙከራ የሚዞረው መኪና ደግሞ ከመንገድ አይወጣም፤ መንገድ የሌለው ቦታ ከፈተናው ውጭ ነው።

መስማት ሌላ፣ መሰማት ሌላ

ማማው በ100 ዋት ይናገራል። በወገብ ላይ የተንጠለጠለው የእጅ ሬዲዮ የሚመልሰው በ5 ዋት ነው፤ ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው። የቪኤችኤፍ ሩብ ሞገድ አንቴና ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ግማሽ ሜትር ዘንግ በወገቡ ይዞ በመሰላል የሚወጣ ሰው ስለሌለ አንቴናው ተጠቅልሎ ያጥራል፣ በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል። የሰውየው ሰውነት ራሱም ምልክቱን ይጋርዳል። እዚህ ላይ ቪኤችኤፍ በገላጣው ቦታ ያገኘውን ብልጫ በከፊል ይመልሳል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ሠራተኛው የአዛዡን ትእዛዝ ጥርት አድርጎ ይሰማል። ስለዚህ ሬዲዮው እየሠራ እንደሆነ ያምናል። «ወጥመድ ውስጥ ነኝ» ሲል ግን ድምፁ ማማው ጋ አይደርስም። ለእኔ ከካርታዎች ሁሉ አደገኛው ከማማ ወደ ሰው ያለውን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳየው ነው። ሬዲዮው ሙሉ በሙሉ ዝም ቢል ሠራተኛው ይጠነቀቅ ነበር፤ ግማሹ የሚሠራ ሬዲዮ ግን ያዘናጋል። አንድ እቅድ ሁለት ካርታ ካላቀረበ፣ አንዱን ለመስማት ሌላውን ለመሰማት፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው እላለሁ።

የድምፅ ጥራቱም የራሱ ታሪክ አለው። ዲጂታል ሬዲዮ የሰውን ንግግር ጨምቆ ነው የሚልከው። መጭመቂያው ለሰው ድምፅ ስለተሠራ የእንጨት መጋዝ ሞተር ወይም የማስጠንቀቂያ ደወል አጠገቡ ሲጮህ ይደናገራል። በ2008 በኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚገኙ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ይህን በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳማጭነት ፈትሸውት፣ በአንዳንድ የጩኸት ዓይነቶች ውስጥ አሮጌው አናሎግ ከዲጂታሉ በተሻለ እንደሚሰማ አግኝተዋል። ጸጥ ያለ ቢሮ ውስጥ የተለካ 3.4፣ እሳት ፊት 3.4 ሆኖ ላይቆይ ይችላል።

የኤርላንግ ቀመርና ክፉ ቀን

ወደ 4ቱ ቻናሎቻችን እንመለስ። በተራ ቀን 2 በመቶው ብቻ ነው የሚጠብቀው ብለናል። አሁን ትልቅ አደጋ ደረሰ፤ ጥሪው በሦስት እጥፍ ጨመረ። ቀመሩ እንደሚለው ከሁለት ተናጋሪ አንዱ፣ 51 በመቶው፣ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም በአማካይ 5 ሰከንድ ነው። ይሁን፣ ይቻላል። ጭነቱ በዚያ ላይ 20 በመቶ ብቻ ሲጨምርስ? 79 በመቶው ይጠብቃል፤ ጥበቃው 12 ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ትንሽ ጨምሩና 4 ኤርላንግ ሲደርስ ሰልፉ ማብቂያ የለውም። ሥርዓቱ ቀስ እያለ አይደክምም፤ ደህና ቆይቶ ድንገት ነው የሚወድቀው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ኤርላንግ ቀመሩን የሠራው ለስልክ ደንበኞች ነው። አንዱ ደንበኛ ሲደውል ሌላው ስለማያውቅ ጥሪዎቹ እርስ በርስ አይገናኙም። አደጋ ቦታ ላይ ግን ሁሉም የሚናገረው ስለ አንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ ነው። «ግድግዳው ወደቀ» ሲባል አሥር ሰው ባንዴ ቁልፍ ይጫናል። የቀመሩ መሠረታዊ ግምት በሚያስፈልገን ሰዓት ይፈርሳል ማለት ነው። ስለዚህ «በኤርላንግ ሰርተነዋል» የሚል እቅድ ስታዩ፣ «ለየትኛው ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም የተደበቀ ወጪ አለ። የአንድ ቡድን አባላት በሦስት ማማዎች ሥር ከተበተኑ አንድ ንግግር በሦስቱም ማማዎች አንድ አንድ ቻናል ይይዛል። አንድ የማወቅ ጉጉት ያደረበት ኃላፊ ከሩቅ ከተማ ሆኖ የአደጋውን ቡድን «ላዳምጥ» ቢል፣ እዚያ ሩቅ ከተማ ያለውን ማማ አንድ ቻናል ያሳጣዋል። ይህ በቀመርም በካርታም የለም፤ በሥልጠናና በደንብ ነው የሚገታው።

ማማው ሲቆረጥ

ትራንክድ ሥርዓት አእምሮ አለው፤ አእምሮ ያለው ነገር ደግሞ ይስታል። ማማው ከማዕከሉ ጋር ያለው መስመር ከተቆረጠ የራሱን ክልል ብቻ ያገናኛል። ከማዶ ያለው ጓደኛችሁ ግን አይሰማችሁም። መቆጣጠሪያ ቻናሉ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ሥርዓቱ ወደ ተራ ቻናልነት ይመለሳል፤ ቡድኖች ሁሉ ይደበላለቃሉ።

በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ የከተማዋ የ800 ሜጋኸርዝ ትራንክድ ሥርዓት ከሥራ ውጭ ሆነ። ፖሊሱም እሳት አደጋውም ለቀናት በጥቂት የጋራ ቻናሎች ላይ ተጨናንቀው ቆዩ። በዚያ ሰዓት የሚያድነው ማማ የማይፈልግ፣ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ ቀጥታ የሚሄድ ቻናል ነው። ብዙ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ህንፃ ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች ይህንኑ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ውጭ የቆመው ጓደኛ ከ20 ኪሎ ሜትሩ ማማ ይቀርባል።

ቀላሉ ብልሃት እንኳ ሰውን ይፈልጋል። በ1993 የዓለም ንግድ ማዕከል በቦምብ ከተመታ በኋላ በህንፃዎቹ ውስጥ የእሳት አደጋ ሬዲዮን የሚያጎላ ሪፒተር ተተከለ። መስከረም 11 ቀን 2001 ጠዋት ሪፒተሩ አልተበላሸም ነበር። የጥቃቱ አጣሪ ኮሚሽን እንደገለጸው ግን በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ካሉት ሁለት ቁልፎች አንደኛው ብቻ ተጫነ፤ በሰሜኑ ህንፃ መግቢያ የነበሩት አዛዦች ሞክረውት «አይሠራም» ብለው ተዉት። በደቡቡ ህንፃ የገቡት ግን ያንኑ ሪፒተር ተጠቅመውበታል። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ያ ቁልፍ ቢጫን ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማንም መናገር አይችልም፤ ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ነበሩ። ለእቅድ አውጪ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለህንፃው የሚሆን ካርታ ቢሠራ ኖሮ በዚያን ቀን ጠዋትም አረንጓዴ ይሆን ነበር።

«ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?»

ለዚህ ሂስ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። የበጀት ሰው «95ን ወደ 99 ለማድረስ የማማውን ቁጥር ማብዛት አለብን፤ በዚያ ገንዘብ አምቡላንስ ይገዛል» ይላል። ልክ ነው። ሽፋንን ወደ ፍጹምነት ባስጠጋነው ቁጥር እያንዳንዷ አንድ በመቶ ከቀደመችው ትወደዳለች። እኔም ማማ ይብዛ እያልኩ አይደለም።

የጠየቅኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ማማ አይፈልጉም። ሁለት አቅጣጫ የሚያሳይ ካርታ ማተም የሶፍትዌር ሥራ ነው። ቀጥታ ቻናል መመደብ ፍሪኩዌንሲና ሥልጠና ነው። ለክፉ ቀን ጭነት ማስላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። 5 በመቶው የት እንዳለ በስም መዘርዘር፣ ይህ ሸለቆ፣ ያ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ እያሉ መጻፍ፣ ወረቀትና ድፍረት ብቻ ይጠይቃል። ድፍረት ያልኩት ነጫጭ ቦታዎች ስም ሲወጣላቸው ኃላፊነትም ስለሚመጣ ነው። «5 በመቶ» ማንንም አይጠይቅም፤ «የእገሌ ሆስፒታል ምድር ቤት» ግን ዳይሬክተር አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ታካሚ አለው።

ምህንድስና የምትማሩ ወይም ልትማሩ ያሰባችሁ፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ካርታ እናንተም ትሠሩ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ቀለሙን ራሱ ይቀባላችኋል። ከማስረከባችሁ በፊት ነጩን ነጠብጣብ አንድ በአንድ አጉልታችሁ እዩና ከጎኑ እዚያ ማን እንደሚገባ፣ በምን እንደሚጠራና ማን እንደሚሰማው ጻፉ። መልስ ያጣችሁለትን ነጠብጣብ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከ95 በመቶው አጠገብ፣ በዚያው የፊደል መጠን አስቀምጡት።